የባስካራን አፍንጫና የእኔ ጭስ ቤት

በዓለም ላይ ትምባሆ ካቆመ ሰው በላይ አጫሽ የለም። የሚያጨሰው ቢያንስ ቢዲው ሲያልቅ ዝም ይላል። ያቆመው ግን አያልቅበትም፤ በምላሱ ያጨሳል፣ በአፍንጫው ያጨሳል፣ ሌላው ሰው ሲለኩስ ደግሞ በዓይኑ ያጨሳል። ያቆመበትን ቀን ይነግራችኋል፣ ሰዓቱን ይነግራችኋል፣ በዚያን ዕለት ዝናብ ይጣል አይጣል ሳይቀር ይነግራችኋል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ መንደር አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ እብድና አንድ ትምባሆ ያቆመ ሰው የመደበ ይመስለኛል።

ለእኛ ለኤላንጋድ የደረሰን ክቡር ልብስ ሰፊ ባስካራን ነው።

ክቡርነታቸው ከሞይዱ ሻይ ቤት ፊት ለፊት በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና አላቸው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ቀሚስ፣ ወደ ሳባሪማላ ተራራ የሚወጡ ተሳላሚዎች ጥቁር ሽርጥ፣ የሙሽራ ሸሚዝ፣ ሁሉም በዚያች መኪና መርፌ ሥር አልፏል። ባስካራን ድሮ በቀን አርባ ቢዲ ያጨስ ነበር። ቢዲ በደረቅ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የድሃ ሲጋራ ነው፤ አርባው ግን የድሃ አይደለም። ያኔ መዘምራናችን ለትንሣኤ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ሲገቡ፣ ከዕጣኑ በፊት የባስካራን ቢዲ ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚገባው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ጠቆሩ። ከተማ ሆስፒታል ወሰድነው። ሁለቱም ተቆረጡ። ዶክተሯ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ቀጭን ሴት ነበረች፤ ከአልጋው ጫፍ ቆማ እንዲህ አለችው፦

"ባስካራን፣ የዚህ በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቢዲ ካጨስክ የሚሄደው ሌላ ጣት አይደለም፤ እግሩ ነው። ቀነስኩ የሚል ቃል እንዳልሰማ።"

"መኪናዬ በእግር ነው የምትሄደው ዶክተር።"

"እንግዲያው ገብቶሃል።"

እሷ ስትወጣ እጁን ያዝኩት። ባስካራን በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም ቼታ ይባላል። "አብረን እናቆማለን ቼታ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ለምን? እግርህ ደህና ነው።"

"ብቻህን አይሆንማ! በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔም አልነካም።"

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ያልኩት ነገር ስናገረው እውነት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ራሴ የምነግራችሁ ደግ ነገር ብዙ የለም።

ባስካራን የራሱን ጉልበት ያውቃል። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ አቁሞ አሥራ አንድ ጊዜ ጀምሯል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ኅዳር የተራራው ሱባኤ የሚጀመርበት ወር ነው። ተሳላሚው መቁጠሪያ በአንገቱ ያጠልቃል፤ ከዚያ አርባ አንድ ቀን ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ትምባሆ የለም፣ ከሚስት ጋር አንድ ምንጣፍ የለም። ጥቁር ሽርጥ፣ ባዶ እግር፣ ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። መቁጠሪያ ያጠለቀን ሰው ትልቅ ትንሹ "ስዋሚ" ብሎ በአንቱታ ይጠራዋል፤ አምላኩ አድሮበታልና። ከተራራ ሲመለስ መቁጠሪያው ይወልቃል፤ ስዋሚም እንደገና አንተ ይባላል፣ ዓሣውንም ይበላል። አብዛኛው ወንድ መቁጠሪያው በወለቀ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቢዲ ይለኩሳል። እኛ ክርስቲያኖችም ከዚህ አንሻልም፤ በሃምሳው ጾም አቁመን የትንሣኤን ቅዳሴ እንደጨረስን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ የምንሰለፍ ብዙ ነን።

ባስካራን ወጣ፣ ተሳለመ፣ ተመለሰ። መቁጠሪያውን ግን አላወልቅም አለ።

የተጓዦቹ መሪ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። "ስዋሚ፣ ጉዞው አልቋል፤ አንገትዎን ይስጡኝ" አሉት።

"አልሰጥም።"

"ሥርዓት አለ እኮ!"

"ሥርዓቱ አርባ አንድ ቀን ነው አይደል? እንደገና ጀምሬያለሁ፤ ዛሬ አንድ ይበሉልኝ።"

"እስከ መቼ ነው ታዲያ?"

"እግሬ እስካለ።"

ኅዳር አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ክረምቱ መጣ፤ ባስካራን በጥቁር ሽርጥ እንዳለ ነው። መላው መንደር ዓመቱን ሙሉ አንቱ ሲለው ከረመ። ባለቤቱ ኦማና ጭምር በአንቱታ ነው የምትሰድበው፤ "ስዋሚ፣ እርስዎ ጅል ነዎት!" ስትል ሰምቻታለሁ። ዓሣ ሲያምራት እኛ ወጥ ቤት መጥታ ትሠራና ቆማ ትበላለች። አንድ ቀን ለባለቤቴ ለአሌያማ እንዲህ አለቻት፦

"እትዬ አሌያማ፣ የሰው ባል ዓረብ አገር ሄዶ ይጠፋል። የኔው እቤት ተቀምጦ መነነ!"

ዶክተሯ ደግሞ በባዶ እግሩ መሄዱን ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። እሱም ከጥቁር ጨርቅ ጫማ የሚመስል ነገር ለራሱ ሰፋ። "ቆዳ የለበትም፣ ስለዚህ ጫማ አይደለም" ይላል ለተጓዦቹ መሪ። "እግር ይሸፍናል፣ ስለዚህ ጫማ ነው" ይላል ለዶክተሯ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ ተመስገን።

መቁጠሪያው አፉን ከትምባሆ ዘጋለት፤ አፍንጫውን ግን ከፈተው። በእኛ መንገድ ላይ የባስካራንን አፍንጫ ሳይሳለሙ ማለፍ ቀረ። መኪናዋን ያቆማል፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅላል፣ "እስቲ ቀረብ በል" ይላል። የቀረበ ሰው አለቀለት።

የአውቶብሱን ትኬት ቆራጭ አንድ ጠዋት አሸተተውና "ከድልድዩ በፊት ነው የለኮስከው፤ ግማሹን ሳትጨርስ ጣልከው። ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አለው። ሰውየው ደንግጦ ወደ እኛ ዞረ። "ይሄ ሰው ያለው አፍንጫ ነው ወይስ ካሜራ?"

አንድ ሙሽራ ሸሚዝ ሊለካ መጣ። ክቡርነታቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንደያዙ አሸተቱትና፣ "ደረትህ ውስጥ ጭስ አለ፤ አሁን ብለካህ ጭሱ ሲወጣ ሸሚዙ ይሰፋብሃል። ሦስት ቀን ሳታጨስ ተመለስ" ብለው መለሱት። በሦስተኛው ቀን መጣ። ሸሚዙም ልክ ሆነ፤ ሰው ይኸው እስካሁን ያወራዋል።

ሞይዱ ሻይ ቤት ምሰሶው ላይ ጫፏ ቀኑን ሙሉ የሚጨስ የኮኮናት ገመድ ተንጠልጥላ ነበር፤ አጫሽ ሁሉ ክብሪት ሳያወጣ ከእሷ ይለኩሳል። ባስካራን በየጠዋቱ መንገዱን ተሻግሮ የገመዷን ጫፍ ሻይ ውስጥ ይነክር ጀመር።

"ስዋሚ፣ ይህች ገመድ ከአባቴ ጀምሮ የኖረች ናት፤ ኧረ ይተዉልኝ!"

ባስካራን የጨርቅ ጫማውን አወለቀና እግሩን ወንበር ላይ አስቀመጠ። "ሁለቱ ቀድመውኝ ሄደዋል ሞይዱ፤ ስምንቱ ይበቁኛል። ያንተ አሥሩም አሉ?"

ሞይዱ ሳያስበው ወደ ራሱ እግር ጎንበስ ብሎ አየ። በሳምንቱ ገመዷ የለችም። አይጥ በላት ይላል፤ እኛም ተቀብለነዋል።

"ስምንቱ ይበቁኛል" መንደሩ ሁሉ የሚለው ሆነ። ሻይ ሲጨመርለት "ስምንቱ ይበቁኛል" የሚል አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ እንጃ።

ከዚህ አፍንጫ ያመለጠ ሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነኝ።

የኔ ሥራ ጭስ ነው። ከባስካራን ሱቅ ጀርባ መቶ ሃያ የጎማ ዛፎችና አንዲት ጭስ ቤት አሉኝ። የዛፉ ወተት በአሲድ ይረጋል፣ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ እንደ ልብስ ተሰቅሎ ከሥር በእንጨት እሳት ይታጠናል። ሽታው ጭስና ኮምጣጤ ነው፤ ከልብስ አይወጣም፣ ከቆዳም አይወጣም። ሰው ከሩቅ ሲያሸተኝ "ኩርያን መጣ" አይልም፤ "ጎማው ሊደርቅ ነው" ይላል። በዚህ ጭስ ውስጥ አንድ ትንሽ ቢዲ ማን ይለየዋል?

በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የማልኩትን አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። በሃያኛው ቀን ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ምንም አልሆነም። ሰው ሞቶብኝ ወይም ታምሜ ቢሆን እንኳ የምለው አገኝ ነበር። ዝናብ ነበር፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ክብሪት ስፈልግ ከአሮጌ ሸሚዝ ኪስ አንድ ቢዲ እጄ ገባ። ለኮስኩት። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት፣ ሁሉም ጭስ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም በሩን ዘግቼ። በሃምሳው ጾም ጭምር፤ ዓሣ አልነካም፣ ወተት አልቀምስም፣ ቢዲውን ግን እስከታሰረበት ክር ድረስ አጨሳለሁ። ለንስሐ ስቀርብ አባ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ሁልጊዜ "ሌላስ ኩርያን?" ይላሉ።

"ሌላ የለም አባ።"

ባስካራን ግን አያፍርብኝም። ከአጫሽ ጋር በተጣላ ቁጥር በጣቱ ወደ እኔ ያመለክታል። "ኩርያንን እዩ! እግሩ ሙሉ ነው፤ ማንም አላስገደደውም። ቀኑን ሙሉ ጭስ ውስጥ ውሎ አንዱን አይነካም!" እኔ ሻዬን እያየሁ እጠጣለሁ። ሰዎች ትሑት ነው ይሉኛል።

ነገሩ የባሰው ባለፈው ዓመት ነው። በመንደራችን አንዲት ንባብ ቤት አለች። ትምህርት ቤት ከሰባተኛ ክፍል በላይ አላየኝም፤ ያለችኝን ዕውቀት ያገኘሁት ከእሷ መደርደሪያ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን አያታለሁ። በትምባሆ መከላከያ ቀን ኮሚቴው ለባስካራን ሻል ሊያለብሰው ወሰነ፤ በእኛ አገር ሰው በሕዝብ ፊት የሚከበረው ወርቃማ ጥለት ያለው ሻል ትከሻው ላይ ተደርቦለት ነው። ባስካራን ምን አላቸው መሰላችሁ? "ለእኔ ብቻ ከሆነ አልለብስም። ሁለት ሻል ግዙ።"

እናም መድረክ ላይ ወጣሁ። ማይክሮፎን፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ሰባ የሚሆን ሰው፣ አሌያማ ከፊት ተቀምጣ። የሽርጤ መቋጠሪያ ውስጥ ለከሰዓት ያስቀመጥኳቸው ሁለት ቢዲዎች ነበሩ። የንባብ ቤቱ ሊቀ መንበር "የዘመናችን የትዕግሥት አምድ" ብለው ጠሩኝ። ሻሉን አለበሱኝ። ቀጥሎ ባስካራን አቀፈኝ፤ አፍንጫው አንገቴ ሥር ገባ። ሲስብ ሰማሁት፤ ረጅም፣ ቀስ ያለ አሳሳብ። አለቀልኝ አልኩ።

ቀና አለ፣ ዓይኔን አየ፣ ማይክሮፎኑን ያዘ። "አጨብጭቡለት እንጂ!" አለ።

አጨበጨቡልኝ። ሻሉን እቤት ወስጄ ከሣጥኑ ሥር፣ ከክረምት ብርድ ልብሶች በታች ቀበርኩት። አሌያማ "ግድግዳ ላይ እንስቀለው" ስትል "ይበላሻል" አልኳት። ሻሉ አልነበረም የተበላሸው።

በእነዚህ ዓመታት ባስካራን ያላየው መከራ የለም። ጎርፍ ሱቁ ገባና መኪናዋ እስከ መንኮራኩሯ ውኃ ውስጥ አደረች። ሰው ከከተማ የተሰፋ ልብስ መግዛት ጀመረና ሥራው ግማሽ ሆነ። ጣቶቹ የተቆረጡበት እግሩ በብርድ ቀን እንደ እሳት ያቃጥለው ነበር፤ መኪናዋን እየረገጠ ጥርሱን ሲነክስ ከማዶ ይታያል። እናቱ ናራያኒ አማ አልጋ ላይ ዋሉ፤ እሱ ነበር የሚያገላብጣቸው። መከራ በመጣ ቁጥር ሞይዱ ሻይ ቤት ሰው ይሰበሰባል። "ዛሬ ያጨሳል" ይላል አንዱ፤ "አያጨስም" ይላል ሌላው፤ በአንድ ሳህን የሙዝ ጥብስ ይወራረዳሉ። አላጨሰም። መቁጠሪያውን በአውራ ጣቱ ያሻል፣ "ስምንቱ ይበቁኛል" ይላል፣ ክር ያስገባል።

እኔም አብሬ እመለከት ነበር። የምጠብቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። እንዲያጨስ ነበር የምፈልገው። አንድ ብቻ። አንድ ጊዜ ከወደቀ፣ የኔ ውሸት ግማሹ ይቀልልኝ ነበር። ይህን ለመጻፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

ዘንድሮ፣ በሃምሳው ጾም በአምስተኛው ሳምንት፣ ናራያኒ አማ ዐረፉ። በእነሱ ሥርዓት ሐዘን የገባበት ቤት ሱባኤ አይያዝበትም። የተጓዦቹ መሪ በዱላቸው እየተመረኮዙ መጡና፣ ያለ ክርክር፣ ያለ አንቱታ፣ "ና ልጄ" አሉት። ባስካራን አንገቱን ዝቅ አደረገ። መቁጠሪያው ወለቀ። ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር ከተቀመጠበት ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ክብ መስመር ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ ከግቢው ደቡብ ጫፍ፣ በማንጎ እንጨት ላይ፣ የእናቱን አስከሬን በእሳት ሸኘ። ታጠበና እርጥብ ሽርጡን እንደለበሰ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ፤ የሚያሸው ነገር አጣ፤ ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ወረደ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ወረደ።

በልቅሶ ቤት የሚታኘከውን ቅጠልና ቢዲ በትሪ ይዞ የሚዞረው የቅርብ ጎረቤት ነው። የቅርብ ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ማንም ለባስካራን ትሪ አልዘረጋም፤ ሁሉም ያውቃል። እኔ ዘረጋሁ።

"ውሰድ ቼታ" አልኩት በሹክሹክታ። "መቁጠሪያው የለም። ዛሬ እግዚአብሔርም ቢሆን ፊቱን ያዞርልሃል።"

እንዲህ አልኩ። በጾም።

ባስካራን አየኝ። እጁን ዘረጋ፣ አንድ ቢዲ አነሳ፣ ጆሮው ላይ ሰካው፤ እርሳሱን እንደሚሰካው አድርጎ። ኦማና ከበሩ ላይ ሆና ሁሉንም ታይ ነበር። ትሪውን ይዤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። መኪናዋ ዝም ብላለች፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይሰፋም። እኔ ግን ዝምታዋን ስሰማ እግሩ የተቆረጠ ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጭስ ቤቱ ውስጥ ጎማ ሳገላብጥ በሩ ተንኳኳ። ባስካራን ነው። ጢሙ አድጓል፣ አንገቱ ባዶ ነው፣ ቢዲው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጠ።

"ኩርያን፣ እሳት ስጠኝ።"

"ምን ትላለህ ቼታ?"

"እሳት። እዚህ ማንም አያይም። ካንተ ጭስ ቤት የተሻለ መደበቂያ የት አለ?" ቢዲውን ከጆሮው አወረደና በከንፈሩ ያዘው። ከሁለት ዓመት በላይ ያልነካው ከንፈር እንዴት እንደሚያዝ አልረሳም ነበር።

ክብሪቱ መቋጠሪያዬ ውስጥ ነበር። "አልሰጥህም" አልኩት።

"አንተ አይደለህ ትሪ ይዘህ የመጣኸው? ቢዲ ሰጥቶ እሳት መከልከል ምን የሚሉት ክርስትና ነው?"

እግሩን አየሁት። በጨርቅ ጫማው ውስጥ ሦስቱ ጣቶች የት እንደሚያበቁ ይታያል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"ቼታ፣ ያንን የሰጠሁህ አዝኜልህ አይደለም። አንተ እንድትወድቅ ፈልጌ ነው። እኔ አላቆምኩም። ከሃያኛው ቀን ጀምሮ አጨሳለሁ። እዚሁ፣ ይኸው እዚህ።"

እስኪጮህ ጠበቅሁ። በጫማው እስኪመታኝ ጠበቅሁ። ባስካራን ቢዲውን ከከንፈሩ አነሳ፣ ትንሽ አሰበ።

"ሃያ አንደኛው ነበር የመሰለኝ" አለ።

"ምን?"

"በሃያኛው ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"ጎማ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ቢዲ ደግሞ ቢዲ ነው። አርባ ዓመት ያጨስኩ ሰውዬ ሁለቱን የማልለይ መስሎህ ነው?"

"ታዲያ ሻሉ? ያ ሁሉ ሕዝብ? አጨብጭቡለት ያልከው?"

"ምን ላድርግ? ላጋልጥህ?" አለ ባስካራን። "ባጋልጥህ ሻይ ቤቱ አንድ ሳምንት ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ እኔ ማን አለኝ? በየጠዋቱ መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ‘ኩርያንም አብሮኝ አቁሟል’ እላለሁ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ነኝ ከማለት ይሻለኝ ነበር። አንተ እኮ ሆስፒታል እጄን ይዘህ አልቅሰሃል። ያቺን ቀን ልቀማህ አልፈለግሁም።"

የሚያሳፍር ነገር ብዙ ሠርቻለሁ፤ እንደዚህ ተሸፍኖልኝ ግን አያውቅም።

"አሁን እሳት የጠየቅኸኝ ልትፈትነኝ ነው?" አልኩት በመጨረሻ።

"የምን ፈተና?" ተቆጣ። "ልለኩስ ነው የመጣሁት! አራት ቀን ከጆሮዬ አላወረድኩትም። እናቴ የለችም፣ መቁጠሪያው የለም፣ ኦማና ስታየኝ ታለቅሳለች። ብትሰጠኝ ኖሮ እስካሁን ጨርሼው ነበር።" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "አልሰጠኸኝም እንጂ" አለ።

ቢዲውን ከእጁ ወሰድኩ። ከመዳመጫው ጀርባ የደበቅሁትን እሽግም አወጣሁ። የምድጃውን አፍ ከፍቼ ሁሉንም ወረወርኳቸው። ሲነዱ ያ የታወቀ ሽታ ብልጭ ብሎ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ ሁለታችንም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ወደ ምድጃው ትንሽ ጠጋ አልን።

ባስካራን ቀድሞ ነቃና ሸሚዜን ይዞ ጎተተኝ። "በል ዛሬ አንድ ነው። ሻሉን አምጣ።"

"ሻሉን?"

"ሳይገባህ ነው የለበስከው። እኔ ዘንድ ይቀመጥ።"

ሣጥኑን ከፍቼ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ስቆፍር አሌያማ መጣችብኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ሩዙን እያጠለለች፣ "ልብስህን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለች። በሆሳዕና ዋዜማ ለአባ ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ሌላስ ኩርያን?" አሉ እንደ ልማዳቸው። "ሌላ የለም አባ።" ያን ጊዜ ብቻ እውነት ነበር።

ባስካራን የሐዘኑ ዓመት እስኪሞላ መቁጠሪያ አያጠልቅም። ሽርጡ ነጭ ሆኗል፣ መንደሩም አንተ ማለት ጀምሯል። ዓሣ ቢቀርብለት ይበላል፤ ኦማና ትጨምርለታለች። አንቱ የምለው እኔ ብቻ ነኝ። "ስዋሚ፣ ይግቡ" ስለው "አትቀልድ አንተ፣ መቁጠሪያ የለኝም" ይላል፣ ግን ይገባል። በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በጨርቅ ጫማው እያነከሰ ጭስ ቤቴ በር ላይ ይቆማል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅላል።

"እስቲ ቀረብ በል።"

እቀርባለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፤ አንገቴን ዘርግቼ እሸተታለሁ። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ወድቄ ነበር። አሸተተኝ፣ አልሰደበኝም፤ ሄዶ ሻሉን ከመደርደሪያው አውርዶ እንደገና አጣጠፈውና "አንድ" አለ። የዚያን ዕለት ያፈርኩትን ያህል መድረክ ላይ አላፈርኩም። ግን ይህኛው ኀፍረት ሰው አይገድልም፤ አፍሬ በማግስቱ ተነሣሁ።

ትናንት ጠዋት ዘጠና አራተኛ ቀኔ ነበር። ዝናብ ነበር፣ እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ባስካራን ውኃ እያንጠባጠበ መጣ። ቀረብኩ። አፍንጫውን አንገቴ ሥር አስገባ፣ ረጅምና ቀስ ያለ ትንፋሽ ሳበ።

"ጎማ ብቻ" አለ።

ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሰባ ሰው ፊት የዘመናችን የትዕግሥት አምድ ተብዬ እንዲህ ደረቴ አልሞላም። ጥቂት ቆይቶ ከሱቁ በኩል መኪናዋ መንኳኳት ጀመረች። ባርኔጣዬን አወለቅሁና አዳመጥኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ በሁለቱም እግር።